ቁጥሩ ፍርድ ነው ወይ?

እዚህ ኢንማ ከተማ ነፍሰ ጡር የሆነች እህት «የጽንሱ ምርመራ ጥሩ አይደለም» ስትባል መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን በድዬ ነው?» ብላ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ሌላ ነው እላለሁ፦ ባልተረጋገጠ ነገር በልጅ ላይ መፍረድ ይገባል ወይ?

ከ11 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ የጽንሱ ማጅራት ፈሳሽ በአልትራሳውንድ ይለካል፤ የእናቲቱ ደምና ዕድሜም ይታያል። ውጤቱ ግምት ነው። «ከ150 አንድ» ቢሉሽ፣ እንዳንቺ ዓይነት ውጤት ካላቸው 150 እናቶች የ149ኙ ልጅ ያ ችግር የለበትም ማለት ነው። የእርግዝናው ሳምንት ከተሳሳተ ደግሞ ስሌቱም ይሳሳታል። (በዚህ ሁሉ ሥራ መሀል ቀን የምንቆጥር መስሏቸው!) እርግጡን የሚናገረው ከ15 ሳምንት ጀምሮ ከእንሽርት ውሃ ተወስዶ የሚደረገው ምርመራ ነው፤ እሱም ትንሽም ቢሆን የማስወረድ አደጋ አለው።

«ቀድሞ ማወቅ በፈጣሪ ሥራ ጣልቃ መግባት ነው» የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። የልብ ችግሩ ቀድሞ የታወቀ ልጅ ሐኪም ባለበት ይወለዳል። ነውሩስ ማዳም ወረቀቱን አንብባ፣ እናቲቱ ሳይገባት «አስወጪው» ማለቷ ነው። ዐረብኛው ካስቸገረሽ የምታምኛትን እህት ይዘሽ ግቢ፤ ወረቀቱ ያንቺ ነው።

ዳውን ሲንድረም መሆኑ ቢረጋገጥስ? ሀገር ቤት የቀድሞው አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ ልጃቸውን አልደበቁም፤ በስሟ ዲቦራ ፋውንዴሽንን አቋቋሙ። «እሳቸው ባለሥልጣን ነበሩ፣ እኛ የሰው ቤት አዳሪ ነን» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ግን «ማን ያሳድግልኛል?» የሚለው ጭንቀት ልጁ ጤነኛም ቢሆን ያው አይደለም እንዴ?