በቀይ ፕላስተር የታሸገው በር

ባለፈው ሰሞን ስድስት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን፣ ኪዮሺ ኩሮሳዋ የተባለው ጃፓናዊ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ካይሮ» የሚል ፊልም አየን። የግብፅን ከተማ ያሰበ ካለ ተሳስቷል፤ በእነሱ ቋንቋ የኤሌክትሪክ ዑደት ማለት ነው።

ታሪኩ ቶኪዮ ውስጥ፣ ኢንተርኔት ገና በስልክ መስመር ይገባ በነበረበት ዘመን ነው። ካዋሺማ የተባለ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ኮምፒዩተሩ በገዛ ራሱ እየደወለ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለየብቻቸው የተቀመጡ ሰዎችን ያሳየዋል። ሙታን ስፍራ ጠቧቸው ወደ ሕያዋን ይጎርፋሉ። በሮች በቀይ ፕላስተር ይታሸጋሉ። መንፈሱን ያየ ሰው አይታነቅም፣ አይበላም፤ መኖር ብቻ ያስጠላዋል። ውሎ አድሮ ግድግዳ ላይ ጥቁር እድፍ ሆኖ ይቀራል።

እንዳለቀ ሁላችንም «ይኸው፣ ሰውን ከሰው የለየው ቴክኖሎጂ ነው!» አልን። ቆየት ስንል ግን አልተዋጠልንም። ለመሆኑ ታጉቺ ራሱን ሲሰቅል ሚቺ የት ነበረች? እዚያው ቤቱ ውስጥ! የሥራ ባልደረባው ነች፤ ዲስክ ልትወስድ መጥታ አነጋግራዋለች። እሷ ዲስኩን ስትፈልግ እሱ ገመድ ይዞ ወደ ጎን ገባ። በመካከላቸው ምንም መሣሪያ አልነበረም። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

እዚህ ላይ ዝም አልን። ዝም ያልንበት ምክንያት አለን። ባለፈው ሴሚስተር የዶርማችን ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአልጋው አልወረደም። ከካፌ ዳቦ እያመጣን ሎከሩ ላይ እናስቀምጥለታለን፤ «አለህ?» እንለዋለን፤ «አለሁ» ይለናል፤ በቃ። እኛም ዲስካችንን ፈልገን ወጣን ማለት ነው። ልጁ ዊዝድሮዋል ሞልቶ አገሩ ገባ።

ፊልሙ ውስጥ በአንድ ተማሪ የተሠራ ፕሮግራም አለ፤ ነጠብጣቦች ይንሳፈፋሉ፤ ሁለቱ ከተጠጋጉ ይሞታሉ፣ ከተራራቁ ደግሞ ይሳሳባሉ። ከመካከላችን አንዱ በዚህ ተመርኩዞ «እንግዲያው መቅረብም ካላዳነ ግዴታ የሚባል ነገር የለብንም» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ካዋሺማ ሃሩዌ የተባለችውን ልጅ አብረን እንኑር ብሎ ቢለምናትም አላተረፋትም። ነገር ግን ግዴታን በውጤቱ ብቻ የሚለካ ሰው የሚቺን መጨረሻ ዘንግቷል። መርከብ ላይ ካዋሺማ ራሱ እድፍ ይሆናል፤ እሷ ግን ከመጨረሻው ጓደኛዋ አጠገብ በመሆኗ ደስ ይላታል። አላዳነችውም። እንዲህም ሆኖ አብራው መሆኗን ከንቱ ነበር የሚል ከእኛ መካከል አልተገኘም፤ ተከራካሪያችንም ቢሆን።

ቅዳሜ ማታ ለልጁ ደወልንለት። አነሳው። ብዙም አላወራም፤ እኛም ቶሎ አልዘጋነውም።