ጾም፣ ጉልበትና ፈቃድ

በአማርኛ «ጦም» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ይውላል። ምእመን ከእህል ከውሃ ተከልክሎ ሲውል «ጦመ» ይባላል። ድኻ የሚቀምሰው አጥቶ ሲተኛ «ጦሙን አደረ» ይባላል። ሳይታረስና ሳይዘራ የከረመ ማሳም «ጦም ያደረ መሬት» ይባላል። በሦስቱም ውስጥ አንድ ባዶነት አለ፤ ባዶነቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያውን ሰው በፈቃዱ ይቀበለዋል፤ ሁለተኛው በግድ ይወድቅበታል። ሦስተኛው፣ ማለትም የማሳው ጦም፣ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ገበሬው አፈሩ እንዲያገግም አስቦ ያሳረፈው ማሳ አለ፤ በሬ ሞቶበት ወይም ዘር አጥቶ የተወው ማሳም አለ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁለቱን ማሳዎች አይቶ አይለያቸውም። ባለቤታቸው ግን ያውቃል። የጾም ጥያቄም በመሠረቱ ይኸው ነው፦ ለዓይን አንድ የሚመስለው ባዶነት መቼ ሕይወትን ያድሳል? መቼስ ሕይወትን ያደክማል?

ይህ ጥያቄ በበረሃ የተሰወሩ የጥቂት ባሕታውያን ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ለእነሱ በተተወ ነበር። ነገር ግን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ነነዌ 3 ቀን ነው፤ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ረቡዕና ዓርብም በአብዛኛው ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። ተደምሮ ለምእመኑ የዓመቱን እኩሌታ፣ ማለትም 180 ቀን ያህል፣ ለካህናትና ለመነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን ይደርሳል። ሙስሊሙም በረመዷን 29 ወይም 30 ቀን ከጎሕ መቅደድ እስከ ፀሐይ መጥለቅ እህልና ውሃ አይቀምስም። ስለዚህ ጾም የሚያርሰው፣ የሚያጭደው፣ ሸክም የሚሸከመው፣ በክፍል ቆሞ የሚያስተምረው ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው። ፍልሰታ የሚውለው በነሐሴ ነው፤ ነሐሴ ደግሞ አሮጌው እህል የሚያልቅበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት፣ አረሙ ግን ጉልበት የሚጠይቅበት ወር ነው። ስለ ጾምና ስለ ጉልበት የሚነገረው ሁሉ በዚህ ማሳ ላይ ይፈተናል።

ሕዝቡ ሊቃውንት ሳይጽፉበት በፊት ይህን ጥያቄ በምጣድና በድስት ሲመልሰው ኖሯል። የጾም ገበታ የእናቶች የዘመናት ጥበብ ነው፤ ሽሮው፣ ክኩ፣ ምስሩ፣ አዚፋው፣ ስልጆው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው ከቅቤና ከሥጋ የጎደለውን ለመሙላት የተገኙ ናቸው። ዛሬ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት፣ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በእህል ውስጥ ሲያንስ በጥራጥሬ ውስጥ በርከት ብሎ ይገኛል፤ በጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜታዮኒን ደግሞ እህሉ ይሰጣል። እንጀራውና የሽሮው ወጥ በአንድ ገበታ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ሊጡ ሲቦካም በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለው ውሁድ እየቀነሰ ይሄዳል። ቤተ ሙከራ አይታ የማታውቅ እናት ይህን ሁሉ በእጅዋ ልማድ ደርሳበታለች።

ይሁንና ይህ ጥበብ ወሰን አለው። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከዕፀዋት አይገኝም። ሰውነት ይህን ንጥረ ነገር በጉበቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማቈየት ስለሚችል፣ በፍስክ ወተትና ሥጋ የሚያገኝ ጤነኛ ሰው ሁለት ወር ቢጾም በዚህ በኩል አይቸገርም። የጾሙ ሥርዐት ራሱ ከበስተኋላው ፍስክ እንዳለ ታስቦ የቆመ ነው። ነገር ግን ዕንቁላሉንና ቅቤውን በፍስክም ቢሆን ለዕዳ መክፈያ ወደ ገበያ የሚያወጣ ቤት አለ። ለዚህ ቤት ፋሲካ መጥቶ ሲያልፍ ጾሙ ይቀጥላል። ፍስክ የሌለው ጾም ደግሞ ስሙ ሌላ ነው።

የሥጋ አሠራርም የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። ምግብ ሲቋረጥ ሰውነት አስቀድሞ በጉበት ያከማቸውን ስኳር ይጠቀማል፤ ይህ ስንቅ ከአንድ ቀን ገደማ በላይ አይዘልቅም። ቀጥሎ በዋናነት ስቡን ያነድዳል። ስቡ እያለም ከጡንቻው ጥቂት በጥቂት ይቆርሳል፤ ስቡ ሲያልቅ ግን በብርድ ሌሊት የጎጆውን ምሰሶ ነቅሎ እንደሚያነድድ ሰው ጡንቻውን ራሱን መብላት ይጀምራል። በልክ የሚጾም ሰው ቀን ከስንቁ ያወጣውን ማታ መልሶ ይተካል። ልኩን ያለፈ ሰው ምሰሶውን ይነካል። ሥጋ ደግሞ ጾሙ ለጽድቅ ይሁን ለውዳሴ ከንቱ ለይቶ አያውቅም፤ ሒሳቡን እኩል ያወራርዳል።

በዚህ ላይ ሁለት አመለካከቶች ሲከራከሩ ኖረዋል። አንደኛው ሥጋን እንደ ጠላት ያያል፤ ሥጋ ካልደቀቀች ነፍስ አትበረታም ይላል። ሁለተኛው ሥጋን እንደ በሬ ያያል፤ በሬ ካልተገራ አያርስም፤ ካልበላም አያርስም። የሚያስደንቀው፣ ከምንኩስና አባቶች ታላላቆቹ ወደ ሁለተኛው ማዘንበላቸው ነው። አትናቴዎስ በ4ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የአባ እንጦንስ ታሪክ፣ መናኙ በተተወ ምሽግ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ዘግቶ ኖሮ ሲወጣ፣ ሰዎቹን ያስገረማቸው ሰውነቱ ሳይወፍርም ሳይመነምንም መገኘቱ እንደ ነበር ይተርካል። ጸሐፊው የቅድስና ምልክት አድርጎ ያቀረበው ሚዛኑን የጠበቀ አካልን ነው።

በዚያው መቶ ዓመት በላይኛው ግብጽ የአንድነት ምንኩስናን የመሠረተው አባ ጳኩሚስ ደግሞ ነገሩን ወደ ሥርዐት ለውጦታል። በግዕዝም የሚታወቀው ሥርዐቱ፣ እያንዳንዱ መነኩሴ እንደ ጉልበቱ እንዲበላና እንዲጠጣ፣ ሥራውም እንደ አበላሉ እንዲመዘንለት ያዝዛል። የሚጾመው ከመጾም፣ የሚበላውም ከመብላት እንዳይከለከል፤ ከባዱ ሥራ ለሚበሉት ብርቱዎች፣ ቀላሉ ሥራ አብዝተው ለሚጾሙት ደካሞች እንዲሰጥ ያደርጋል። በዚህ ሥርዐት መብላት ውርደት፣ አለመብላትም ሹመት መሆኑ ይቀራል፤ ሁለቱም ለማኅበሩ በሚያበረክቱት ሥራ ይመዘናሉ። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተጠናቅሮ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ፣ የጾምን ዓላማ የሥጋ ፈቃድ ለምታስተውለው ነፍስ እንዲታዘዝ ማድረግ መሆኑን ይገልጻል። መታዘዝ የሚችለው ግን ሕያው ነው፤ የሞተ በሬ አይታዘዝም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ሁሉም በየጉልበቱ ይጹም ከተባለ፣ ራሱን ደካማ ነኝ የማይል ማን ይገኛል? የዐዋጅ ጾም ትልቁ ጥቅሙ ባለጸጋውና ድኻው፣ ሹሙና ሎሌው በአንድ ቀን ከአንድ ነገር መከልከላቸው አይደለምን? ብቻውን የማይችለውን ሰው ከሰው ጋር ሆኖ ይችላል፤ ልኩ ለየግሉ ከተተወ ይህ አንድነት ይፈርሳል። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሆኖም አባ ጳኩሚስ ሚዛኑን ለእያንዳንዱ እጅ አልተወውም፤ ሥራን በምታይ ማኅበር እጅ አኖረው እንጂ። ሰው በጉልበቱ ላይ በሁለት በኩል ራሱን ያታልላል፤ ሆዳሙ ደካማ ነኝ ብሎ፣ ውዳሴ ፈላጊው ብርቱ ነኝ ብሎ። የመጀመሪያው ስሕተት ያሳፍራል፤ ሁለተኛው ያስመሰግናል። ስለዚህም ሁለተኛውን ለይቶ ማወቅ ይበልጥ ይከብዳል።

ጥያቄውን ከሥሩ የሚያነሡም አሉ። የደራሲው ማንነት ዛሬም ሊቃውንትን የሚያከራክረው «ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ» ጾምን ጨምሮ ሰዎች የፈጣሪ ሕግ ብለው የሚያከብሯቸውን ሥርዐቶች በልቡና ብርሃን ይመረምራል። ምርመራው አማኙን ያስቈጣ ይሆናል፤ የማያምነውን ያስደስት ይሆናል። ነገር ግን ክርክሩን የሚያዳምጡት ሁለቱም ወገኖች ቢያንስ የመምረጥ ዕድል አላቸው። ምርጫው ያልቀረበላትስ?

በገጠር የምትኖር ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ትታሰብ። ውሃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ ትፈጫለች፤ ታርማለች። ሕጉ ሊያሳልፋት የሚችልበት በር አለው። ፍትሐ ነገሥት የታመመውን ከግዴታው ያወጣል፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይገደድም፤ የንስሐ አባትም ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ሊፈቅድ ይችላል። ቁርኣንም ለታመመና ለመንገደኛ ሌላ ቀን ይሰጣል። በሩ ግን ክፍት ሆኖ ሳለ የሚገባበት ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ከሕጉ ይልቅ የጎረቤት ዓይን ይከብዳል። እናቲቱ «ጾም ገደፈች» ከምትባል ልትደክም ትመርጣለች። ዕቃው በወተትና በቅቤ እንዳይነካ ሲባልም፣ ጾም የማይመለከተው የሁለት ዓመት ሕፃን ከቤተሰቡ ጋር ሳይታወቀው ይጾማል። በሌላ በኩል ባለጸጋው በዚያው ዕለት በዘይት የራሰ፣ በማር የጣፈጠ፣ ዓይነቱ የበዛ የጾም ማዕድ ቀርቦለት ይበላል። ሁለቱም ጾመኞች ይባላሉ። አንደኛዋ ከጡንቻዋ፣ ሌላው ከምርጫው ብቻ ይከፍላል።

በኪነ ጥበብ ሰዎችም ዘንድ ይህን የመሰለ የተዛባ ፍርድ አይጠፋም። ቅኔ ፍለጋ ከአገር አገር የሚዞረው፣ በአኩፋዳው ቁራሽ ለምኖ የሚያድረው የቆሎ ተማሪ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ረኀቡም የጥበቡ እናት ሆኖ ይወደሳል። ለማሞገስ ተብሎ እውነቱ ሊረሳ አይገባም። ያን ተማሪ ለቅኔ ያበቃው ውሻውን ከልክላ ቁራሽ የሰጠችው ባልቴት ናት። በረኀብ መካከል ቅኔ የዘረፉ ነበሩ፤ በረኀብ ምክንያት ግን ሳይዘርፉ የቀሩትን ማንም አልቈጠራቸውም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር እጅግ ብዙ ወገን በረኀብ ሲያልቅ፣ «ጦም» የሚለው ቃል ሁለተኛ ፍቺ በአደባባይ ታየ። በመጠለያ ደጃፍ የተቀመጠ ሰው ሊጾም አይችልም፤ ጾም ያለን ነገር «ይቅርብኝ» ማለት ነውና። የማይበላ ሁሉ አይጾምም። ከዚህም ሌላ ግዴታ ይከተላል። የሚጾም ሰው ሊበላው የሚችለውን ትቷል፤ የተወው እህል ደግሞ የት ሄደ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ወደ ራሱ ጎተራ ከተመለሰ ቁጠባ ሆነ፤ ለተራበው ከደረሰ ጾም ሆነ። ፍትሐ ነገሥት ጾምን በጸሎትና በምጽዋት መካከል ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስም ራስን ዝቅ አድርጎ ማቅ ላይ ከመተኛት ይልቅ የግፍን እስራት መፍታትን፣ እንጀራን ለተራበ መቁረስን የተመረጠ ጾም ብሎ የጠራው ከዚሁ የተነሣ ነው።

እንግዲህ በጾምና በጉልበት መካከል ሚዛኑ የሚገኘው በቀናትና በሰዓታት ቍጥር ብቻ አይሆንም። ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ጾሙን ሰው በፈቃዱ ይዞታል ወይስ በሰው ዓይን ተገድዷል? ከጾሙ በኋላ ወደ ሥራው የሚመለስበት ጉልበት ይቀርለታል? ከእሱ ገበታ የጎደለው ወደ ሌላ ገበታ ይደርሳል? ለሦስቱም አዎን ብሎ መመለስ የሚችል ሰው ጾሙ ቢረዝም አያስፈራውም። አንዱን እንኳ መመለስ ላቃታት እናት ግን ማኅበረሰቡ ራሱ «አንቺ ብዪ» ሊላት ይገባል፤ ቃሉን ከእርሷ አፍ መጠበቅ ሸክሙን ለደካማው መጫን ነው። ይህን ለማለት ደግሞ ካህኑም፣ ሼኩም፣ መምህሩም፣ የጤና ሠራተኛዋም፣ ባልም እኩል አፍ አላቸው።

በዐቢይ ጾም ጾመ ድጓ ሲዜም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ የሚሰማው የሰው ድምፅና የመቋሚያው እንቅስቃሴ ነው። ሆኖም ከበሮውን በእነዚያ ሳምንታት ዝናብ ላይ የሚጥለው የለም። ቆዳው እንዳይላላ፣ ጠፍሩ እንዳይበጠስ ተጠብቆ ይቀመጣል፤ በትንሣኤ ሌሊት ይፈለጋልና። ገበሬውም ያሳረፈውን ማሳ ድንበሩን ይጠብቃል፤ ጎርፍ እንዳይሸረሽረው ቦይ ያወጣለታል፤ በሬዎቹንም ያበላል። ወራቱ ሲደርስ መሬቱ አርፎ፣ በሬው ጠግቦ፣ ሞፈሩ ተዘጋጅቶ ይገኛል።