ሃይማኖትና የተማሪ የልብ ዕረፍት

ወንድሜ ተማሪ ሆይ፤ የሚጸልይ ተማሪ ከማይጸልየው ይልቅ የልብ ዕረፍት አለውን? ያለ ማመንታት አለው ብዬ ልመልስልህ በወደድሁ፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ኬኔት ፓርጋመንት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅና ባልንጀሮቹ፥ መከራ ያገኛቸው ሰዎች ሃይማኖታቸውን እንዴት እንደሚይዙ መርምረው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1998 ዓመት ጽፈዋል፤ ከተመረመሩትም መካከል የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። እግዚአብሔርን እንደ ረዳት የተጠጉት ከመከራው በኋላ በመንፈስ በርትተው፥ «ቀጣኝ፤ ተወኝም» ያሉት ግን ኀዘንና ጭንቀት በዝቶባቸው ተገኙ። አሳቡ ጭንቀቱን ወለደ ወይስ ጭንቀቱ አሳቡን? ይህን ምርመራው አይቈርጥም። ነገር ግን አስተውል፤ እንዲህ ያሉትም አማኞች ናቸው።

እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በፈተና ዋዜማ ተንበርክኬ ከአምላኬ ጋራ እንደ ገበያ ሰው ተዋዋልሁ፤ «ብታሳልፈኝ አገለግልሃለሁ» አልሁ። በሒሳብ ወደቅሁ። (ሒሳቡን አላጠናሁም ነበር።) ኀጢአቴ ተቈጠረብኝ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፤ መጸለይም አፈርሁ። እምነት ጐድሎብኝ አልነበረም፤ አባት የሆነውን ፈታኝ አድርጌው ነበር እንጂ። ዳዊትም በመዝሙሩ አብዝቶ ያማርራል፤ ምሬቱን ግን ወደ ራሱ ወደ እግዚአብሔር ያቀርባል እንጂ ፊቱን አያዞርም።

ዛሬ በፈተና የወደቀ ተማሪ ወደ እኔ ሲመጣ «አብዝተህ ጸልይ» አልለውም፤ በዚህ ውጤት እግዚአብሔር ምን ያለህ ይመስልሃል? ብዬ አስቀድሜ እጠይቀዋለሁ። አንዱ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «አልፈልግህም አለኝ» ብሎ አለቀሰ። ያን ቀን የሒሳቡን መጽሐፍ አልከፈትንም፤ በማግሥቱ ግን ከፈትነው።