የተጠረገ ቤት እንግዳ

እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። ይህ የጨዋ ሰው ወግ ነው። እንግዳውም በበኩሉ የቀረበለትን ይቀምሳል እንጂ ተነሥቶ የባለቤቱን ጓዳ አይከፍትም። ለሁለት ጎረቤቶች ይህ ልማድ ተገቢ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ጋባዡ መንግሥት፣ እንግዳውም የተማሪዎች የስፖርት ቡድን ሲሆንስ? ጓዳ ያለማየት ውሉ እንደ ጸና ይኖራልን? ጥያቄውን በደፈናው ከምናመላልሰው በአንድ ታሪክ ላይ ብንፈትነው ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1936 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጀልባ ቀዘፋ ቡድን አሜሪካን ወክሎ ለኦሊምፒክ ወደ በርሊን ሄደ። ስምንት ቀዛፊዎችና አንድ መሪ ነበሩ፤ ብዙዎቹ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በችግር ያደጉ ልጆች ናቸው። የማጣሪያውን ውድድር ካሸነፉ በኋላ ለጉዞው 5,000 ዶላር ራሳችሁ አምጡ ቢባሉ የሲያትልና የአካባቢው ሕዝብ አዋጥቶ ሰጣቸው። ይሂዱ ወይስ ይቅሩ በሚለው ላይ ግን አሳባቸውን የጠየቀ አልነበረም። ጉዳዩ በ1935 መጨረሻ በአሜሪካ የአማተር አትሌቲክስ ማኅበር ጉባኤ ላይ ብርቱ ክርክር ተደርጎበት፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጄረማያ መሆኒ አንሂድ ሲል፣ የኦሊምፒክ ኮሚቴው መሪ ኤቨሪ ብረንዴጅ ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም ብሎ ሲሟገት፣ በጥቂት ድምፅ ብልጫ እንዲሄዱ ተወስኖ አልቆ ነበር። (ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም የሚል ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፖለቲካውን አስቀድሞ የወሰነ ሰው ነው።)

መርከባቸው «ማንሃታን» ከኒው ዮርክ የተነሣችው ጁላይ 15 ቀን ነው። በዚያው ዕለት የመንግሥታት ማኅበር ኢትዮጵያን በወረረችው ኢጣሊያ ላይ ጥሎት የነበረው ማዕቀብ ተነሣ። በማግሥቱ የበርሊን ፖሊስ ሲንቲና ሮማ የተባሉትን የከተማዋን ነዋሪዎች ከየሰፈራቸው ለቅሞ፣ ማርዛን በተባለው ዳርቻ፣ ከፍሳሽ ማስወገጃ መስክና ከመቃብር ስፍራ አጠገብ አጎራቸው። «አይሁድ አይፈለጉም» የሚሉት ሰሌዳዎች ለጊዜው ከየመንገዱ ወረዱ። ከከተማዋ በስተሰሜን የዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ በዚያው በጋ ይሠራ ነበር። ቡድኑ ያረፈበት ኬፐኒክ ራሱ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በጁን 1933 የናዚ ጭፍሮች ተቃዋሚዎቻቸውን እየያዙ ያሠቃዩበትና የገደሉበት ሰፈር ነው። ቤቱ በርግጥ ተጠርጓል፤ ከደጃፉ የተጠረገው ግን ሰው ነበር።

ውድድሩ ኦገስት 14 ቀን ግሩናው በሚባለው ሰፈር ባለው ሐይቅ ላይ ሂትለር በተገኘበት ተካሄደ። ከሰባቱ የቀዘፋ ውድድሮች ጀርመን አምስቱን ወስዳለች። የአሜሪካው ቡድን ቀዳሚ ቀዛፊ ዶን ሂዩም ታሞ ነበር፤ አጀማመራቸውም ዘገየ። ሆኖም በመጨረሻው ርቀት ከኋላ ተነሥተው በ6 ደቂቃ ከ25.4 ሰኮንድ አሸነፉ። ኢጣሊያ በ0.6 ሰኮንድ ብቻ ተቀድማ ሁለተኛ፣ ጀርመን ሦስተኛ ሆኑ። አዲስ አበባ ከተያዘች ገና 101 ቀን ነበርና ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ ልቡ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ከሰኮንድ ያነሰች ጊዜ የተቃጠለ ጎጆ አትመልስም፤ የወራሪውም ባንዲራ በዚያው ሐይቅ ዳር ለብር ሜዳልያ ተሰቅሏል።

ታዲያ ብዙዎች «አሸንፈው አሳፈሩት» ይላሉ። ይህን ክርክር አልቀበለውም። በጠቅላላው ውድድር ብዙ ሜዳልያ ያገኘችው ጀርመን ስትሆን፣ ብዙ ጎብኚም መስተንግዶውን እያደነቀ ወደ አገሩ ተመልሷል። ከዚህም በላይ ጋባዡ ሁልጊዜ የሚያሸንፍበት ጨዋታ አይታመንም። እንግዳው አልፎ አልፎ ሲያሸንፍ ድግሱ እውነተኛ ይመስላል፤ ስለዚህ የልጆቹ ድል፣ እነርሱ ሳይፈልጉት፣ የድግሱ ጌጥ ሆነ።

ያለመሄድ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ ኦስትሪያዊቷ ዋናተኛ ዩዲት ዶይች አልሄድም ብላለች፤ በባርሴሎናም በዚያው ጁላይ ሌላ የሕዝብ ኦሊምፒያድ ተሰናድቶ የእርስ በርስ ጦርነቱ አስቀረው። ቢሆንም ሸክሙን ሁሉ በሃያ ዓመት ልጆች ትከሻ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። የጀልባው መሪ ቦብ ሞክ የቤተ ሰቡ ዘር አይሁዳዊ መሆኑን ያወቀው ለጉዞው ሲሰናዳ ከአባቱ በደረሰው ደብዳቤ ነው። ካባረሩት ሰዎች ወገን መሆኑን ከነገሩት በኋላ በዚያ ቤት ሊስተናገድ የሄደን ልጅ ምን ብለን እንከሰዋለን? ሸክሙ የሚከብደው በብረንዴጅ ላይ ነው። በ1934 ጓዳውን እንዲመረምር ተልኮ፣ የአይሁድ ስፖርተኞችን ተወካዮች የናዚ ሹማምንት ባሉበት አነጋግሮ፣ ደኅና ነው ብሎ ተመለሰ። ጓዳውን ያየው ኩራዙን ጋባዡ ይዞለት ነው።

በእኔ አስተያየት ስሕተቱ መንግሥትን እንደ ቤት ባለቤት ከመቍጠር ይጀምራል። የቤቱ ባለቤቶች፣ ማርዛን ላይ የታጎሩት ጭምር፣ የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ እንግዳም ጨዋነት የሚገባው ለእነርሱ ነው። ለታላላቅ ጉባኤዎች ዋዜማ የኔ ቢጤዎች ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች እንደሚለቀሙ የምናውቅ እኛ፣ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ወደ ማንኛውም አገር ለጨዋታ የሚጋበዝ ቡድን ያለ አስጎብኚ የሚውልበት አንድ ቀን እንዲሰጠው ቢጠይቅ፣ በዚያም ቀን ከስታዲየሙ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢጓዝ፣ ብዙ አይደለም። ቀዛፊዎቹም ከልምምድ የተረፈ ጊዜ ነበራቸው። ከኬፐኒክ እስከ ማርዛን በእግር ቢኬድ የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም ነበር።