ስሟ ፆታዋ ብቻ የሆነ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ስም የባለቤቱን ጠባይና ዕጣ ይናገራል ማለታቸው ነው። የቤልጂየሙ ሠዓሊ ፔዮ እ.ኤ.አ. በ1958 በሥዕላዊ ታሪክ ያስተዋወቃቸው ሰማያዊ ድንክዬዎች፣ ስመርፎች፣ ይህን ብሂል የሰሙ ይመስላሉ፤ አንዱ ሰነፉ፣ አንዱ ብርቱው፣ ሌላው ዐዋቂ ነኝ ባዩ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ መንደሩ የገባችውና ለረጅም ዘመን ብቸኛዋ ሴት ሆና የኖረችው ግን ስሟ ስመርፌት ነው፤ ትርጉሙም «ሴቷ ስመርፍ» ከማለት አያልፍም።

አመጣጧም እንደ ስሟ ነው። ጠንቋዩ ጋርጋሜል ስመርፎቹን ለማወክ ሲል አበጃት። ፀጉሯ ጥቁር ሳለ ሁሉንም አሰለቸች፤ የመንደሩ አባት መልኳን ለውጦ ወርቃማ ፀጉር ባለቤት ሲያደርጋት ደግሞ ሁሉም በፍቅሯ ተነደፈ። መንደሩ በታወከ ጊዜም ጥላቸው ሄደች። ስትፈጠር ለጠብ፣ ስትለወጥ ለፍቅር፣ ስትሄድም ለሰላም ሲባል ነው። እርሷ ለራሷ ምን እንደምትሻ ታሪኩ እምብዛም አይጠይቅም።

«ይህ ቀልድ ነው፤ ወንዶቹስ ከአንድ ጠባይ በቀር ምን አላቸው?» የሚል ይኖራል። ሙግቱ እውነትነት አለው። ረዳት ገጸ ባሕርይ ሁሉ ምሉዕ ሰው ይሁን ማለት በደራሲ ላይ የማይቻል ሸክም መጫን ነው። ነገር ግን ሰነፉ ስንፍናን እንጂ ወንድነትን አይወክልም፤ ወንድነት ለብዙዎች ተከፋፍሏል። ስመርፌት ግን ብቻዋን በመሆኗ የሴትነት ሁሉ ምሳሌ ትሆናለች። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ካታ ፖሊት እ.ኤ.አ. በ1991 በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ይህን ልማድ በስመርፌት ስም የጠሩት ስለዚህ ነው።

ታዲያ የተበደለው ማን ነው? ከወረቀትና ከቀለም የተሠራች ፍጡር አትበደልም። የሚበደለው ተመልካቹ ሕፃን ነው። ልጅቷ ሴት መሆን ብቻውን ጠባይም ሙያም እንደሆነ ትማራለች፤ ወንድሟም እኅቱ የእርሱ ታሪክ ማጀቢያ እንደሆነች። አንድ ጊዜ የታየ ቀልድ ይረሳል። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1989 እንደዘለቀው የስመርፎች የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ለዓመታት ሲደጋገም ግን ልማድ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፊልም ስመርፌትን «እኔ ማን ነኝ?» አሰኝቶ ሴቶች ወደሚኖሩበት ሌላ መንደር መራት። ጥያቄው ከተፈጠረች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ መምጣቱ ያሳዝናል፤ መምጣቱ ግን መልካም ነው። ደራሲ ለፈጠረው ሁሉ ረጅም ታሪክ የመስጠት ዕዳ የለበትም፤ የራሱ የሆነች አንዲት ምኞት ግን ሊነፍገው አይገባም። ሴትን ለሌሎች መጠቀሚያ ብቻ አድርጎ የሚቀርጽ ደራሲ፣ ሳያውቀው የጋርጋሜልን ሥራ ይሠራል።