ምርት ሲበዛ ጫካ መመንጠር ይገባልን?

ልጆቹን ለመመገብ ጫካ የመነጠረ ገበሬ ኃጢአት ሠርቷልን? ጥያቄው ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና ምድር ለሚኖር ክርስቲያን የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም።

ለመልሱ አስቀድሞ የእርሻውን ታሪክ መመልከት ይገባል። እንሰትና ጎደሬ የአካባቢው ነባር ምግቦች ናቸው። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለዓመታት በጓሮ ቆሞ ይቆያል፤ ቤተሰብ ሲቸገር ይቆረጣል። በቴፒ ዙሪያ የማጃንግ አባቶች ደግሞ ጥቂት መሬት መንጥረው ለተወሰኑ ዓመታት ከዘሩበት በኋላ ለደኑ መልሰው ይተዉት ነበር። ሕዝቡ ጥቂት፣ ደኑም ሰፊ በነበረበት ዘመን ይህ ልማድ ማንንም አልበደለም።

በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሀብ ምክንያት ከሰሜን ብዙ ቤተሰቦች ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል በሰፈራ መጡ፤ ፈቅደውም ተገደውም የመጡ ነበሩ። ለእነርሱ አዲስ መሬት ማረስ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። ይህን ማን ይኰንናል?

ታላቁን ለውጥ ያመጣው ግን በቆሎ ነው። የባሕር ማሽላ የሚል ስሙ እንደሚመሰክረው ባሕር ተሻግሮ፣ ከአሜሪካ ምድር የመጣ እህል ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ባኮ ላይ ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ ዝርያ ወጣ፤ ከማዳበሪያ ጋርም ለገበሬው ተዳረሰ። በ1990 እ.ኤ.አ. በሄክታር 16 ኩንታል ያህል የነበረው የአገሪቱ አማካይ የበቆሎ ምርት ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ 30 ኩንታል ገደማ ደረሰ። (የእንሰት ችግኝ ከጓሮ ሲገኝ የዲቃላው ዘር ግን በየዓመቱ የሚገዛ መሆኑን እናቶች ሳይታዘቡት አልቀሩም።)

እንግዲህ አንዱ ሄክታር የሁለቱን ያህል ካፈራ፣ ሁለተኛውን ለመመንጠር ረሀብን ምክንያት ማድረግ ያስቸግራል። ሆኖም ሰብል አትራፊ ሲሆን ብዙ ጊዜ ምንጣሮው ይብሳል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረለት ባለጸጋ የተወቀሰው እርሻው ስላፈራለት አልነበረም፤ የሚበቃውን ካገኘ በኋላ ሰፊ ጎተራ እንጂ ሌላ ሰው ስላልታየው ነው። የሸካና የማጃንግ ደን የጫካ ቡናው ጥላ፣ የቀፎው መስቀያ፣ የምንጩም ጠባቂ ነው፤ አዳምም እንዲያለማ ብቻ ሳይሆን እንዲጠብቅም ታዝዟል (ዘፍ. 2፥15)።

ስለዚህ መሬት አጥቶ ወደ ደን የሚገባውን ወጣትና ለትርፍ ሲል ሌሎችን ቀጥሮ የሚያስመነጥረውን ባለሀብት በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ አይደለም። ወጣቱን ከመውቀሳችን በፊት፣ ትርፍ ማሳ ያለው ጎረቤቱ በእኩል እንኳ እንዲያርስ ሰጥቶት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።