ለሌላው እጅ መሣሪያ ስለ መምረጥ

ሰው ለሰው ብዙ ነገር ይመርጣል። ወላጅ ለልጁ ትምህርት ቤት፣ መምህር ለተማሪው መጽሐፍ፣ ሐኪም ለሕመምተኛው መድኃኒት ይመርጣል። የመራጩ ዕውቀት ከተቀባዩ ዕውቀት ስለሚበልጥ ምርጫው ምክር ብቻ ሳይሆን ሥልጣንም ነው፤ ሥልጣን ባለበት ደግሞ ተጠያቂነት አለ። ይህ በመጽሐፍና በመድኃኒት ረገድ ማንንም የማያከራክር ሐሳብ፣ የሚመረጠው ዕቃ ሽጉጥ በሚሆንበት ጊዜ ግን ወዲያውኑ አከራካሪ ይሆናል። ሽጉጥ የተሠራበት ዓላማ ግልጽ ሲሆን የሚውልበት ፍጻሜ የሚወሰነው በተቀባዩ እጅ ነውና። ታዲያ ለሌላው የመጀመሪያውን ሽጉጥ የመረጠ ሰው፣ በዚያ ሽጉጥ ከሚመጣው መዘዝ ምን ያህሉ የእርሱ ነው?

ጥያቄው ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመጣው ከመጽሐፍ አይደለም። በወጣትነቴ ለአዳዲስ ምልምሎች የተኩስ ትምህርት አስተምር ነበር። ይህን የሚያውቅ፣ በአሜሪካ በቨርጂንያ ግዛት በሌሊት የታክሲ ሥራ የሚተዳደር የእኅቴ ልጅ ከጥቂት ወራት በፊት በስልክ፣ «ጋሼ፣ ሽጉጥ ልገዛ ነው፤ ተኩሼ ግን አላውቅም። የትኛው ይሻለኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ዕድሜው ደርሷል፤ የሚኖርበት አገር ሕግም ይፈቅድለታል። መልሱ በአፌ ላይ ነበር። ልጠራው የነበረው ስም የማካሮቭ ነበር።

ለምን ማካሮቭን? ማካሮቭ እ.ኤ.አ. በ1951 በሶቪየት ጦር ዘንድ ተቀባይነት ያገኘ፣ ባዶውን 730 ግራም ያህል የሚመዝን፣ በካዝናው 8 ጥይት የሚይዝ፣ አሠራሩ ያልተወሳሰበ መሣሪያ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ልመርጠው የተነሣሁት በዚህ ምክንያት አልነበረም። በወጣትነቴ ወገቤ ላይ ያጌጥሁበት እርሱ ስለ ነበረ ነው። ስሙን ከመጥራቴ በፊት የያዘኝም ይህን መገንዘቤ ነበር። እንግዲህ የመራጭ የመጀመሪያው ስሕተት ይህ ነው፤ ለሌላው የሚመርጥ እየመሰለው ለራሱ ትዝታ ይመርጣል።

ስሕተቱ የእኔ ብቻ አይመስለኝም። ፉከራችንና ቀረርቷችን የመሣሪያውን ስም ለይቶ ያወድሳል። ምንሽሩ፣ ለበኑ፣ ውጅግራው እንደ ፈረስ ስም ይጠራል። ያ መሣሪያ በአንድ ጀማሪ እጅ ውስጥ እንዴት እንደ ተንቀጠቀጠ፣ ማን አጠገቡ ቆሞ እንዳረመው ግን የሚያወሳው ጥቂት ነው። ይህም በመሆኑ ስለ መሣሪያ ያለን ቋንቋ በውዳሴ የበለጸገውን ያህል በትምህርት የደኸየ ነው። በውዳሴ ቋንቋ ደግሞ ለጀማሪ መሣሪያ መምረጥ አይቻልም።

የሙያውን ሁኔታ በአጭሩ እንመልከት። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ኃይለኛውን፣ ወይ ትንሹን። ኃይለኛውን የሚመርጠው በጥይቱ ትልቅነት ስለሚመካ ሲሆን፣ ትንሹን የሚመርጠው ደግሞ ለእጅም ለኪስም ይቀላል በማለት ነው። ሁለቱም ምርጫዎች ከተፈጥሮ ሕግ ጋር ይጋጫሉ። ጥይት ወደ ፊት የሚወነጨፈውን ያህል ሽጉጡ ወደ ኋላ ይገፋል። ጥይቱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የቀለለው ሽጉጥ በበለጠ ፍጥነት ተመልሶ እጅን ይመታል። ስለዚህ በሱቅ መስታወት ውስጥ ገር መስላ የምትታየው ትንሽ ሽጉጥ ለጀማሪ እጅ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ናት።

ከዚህም በላይ የርዝመት ጉዳይ አለ። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀት 15 ሴንቲሜትር ቢሆንና የተኳሹ እጅ በ1 ሚሊሜትር ብቻ ብትዛነፍ፣ በ10 ሜትር ላይ ጥይቱ ከታለመበት 6.7 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል። ርቀቱ 10 ሴንቲሜትር ቢሆን ግን ያው የ1 ሚሊሜትር ስሕተት 10 ሴንቲሜትር ይሆናል። አጭር መሣሪያ የጀማሪውን ጥቃቅን ጥፋት ያበዛል ማለት ነው።

በመሆኑም አስተዋይ አሠልጣኞች ጀማሪን የሚያስጀምሩት በ5.6 ሚሊሜትር ጥይት፣ አሜሪካኖች «ሃያ ሁለት» በሚሉት ነው። ይህ ጥይት እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን በኦሎምፒክ የ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድርም የሚያገለግል ነው። የተለመደው ዓይነት እርሳስ 2.6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ድምፁ አነስተኛ፣ ምቱም ቀላል ነው። ጀማሪው በዚህ ከተገራ በኋላ፣ መዳፉን የሚሞላ፣ ክብደት ያለው፣ ሙሉ ቁመት ያለው ባለ 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ሊይዝ ይችላል። የዚህ ጥይት እርሳስ 8 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ልዩነቱን እጅ ወዲያው ያውቀዋል።

ቅደም ተከተሉ ለምን አስፈለገ? የጀማሪ ተኳሽ ዋነኛ ሕመም የዓይን ድካም ሳይሆን ፍርሃት ስለሆነ ነው። ጆሮውን የሚያደነቁርና እጁን የሚመታ መሣሪያ የተሰጠው ሰው፣ ምላጩን ከመሳቡ አስቀድሞ ምቱን እየጠበቀ አፈሙዙን ወደ ታች ይደፋል፤ ጥይቱም ከዒላማው በታች ያርፋል። ይህን ሲያደርግ ግን አይታወቀውም፤ ፍንዳታው ይሸፍንለታልና። አሠልጣኞች ለዚህ አንድ የቆየ ዘዴ አላቸው። ተማሪው ሳያውቅ በካዝናው ውስጥ ከእውነተኛው ጥይት ጋር የማይተኮስ የማስተማሪያ ጥይት ይቀላቅላሉ። የማስተማሪያው ጥይት ተራ ሲደርስ ምላጩ ይሳባል፤ ድምፅ የለም፤ አፈሙዙ ግን ሲደፋ ሁሉም ያየዋል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሱ ፍርሃት ጋር ይተዋወቃል።

የመጀመሪያው ሽጉጥ መለኪያም ከዚህ የሚመነጭ ነው፤ ስሕተትን የሚያሳይ እንጂ የሚሸፍን መሆን የለበትም። መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች ይህን ሕግ ከራሳቸው ሥራ ያውቁታል። መስመር መሳል ያልቻለውን ተማሪ በቀለም ብዛት ጎበዝ ያስመሰለ መምህር አላስተማረውም፤ ድክመቱን አስጊጦለታል እንጂ። ልዩነቱ፣ የተበላሸ ሸራ ተቀዶ ሊጣል መቻሉና የተበላሸ ተኩስ ግን ወደ አፈሙዙ የማይመለስ መሆኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ስለ ዕቃው ነው። ዕቃውን በትክክል የመረጠ ሰው ግዴታውን ፈጽሟልን? «መሣሪያ በራሱ ደግም ክፉም አይደለም፤ ተጠያቂው የያዘው ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ የተጠቃሚውን ኅሊና ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣምና። ይሁን እንጂ የመራጩን ድርሻ ከሒሳቡ ውስጥ ያስወጣዋል። ሁለት የሽጉጥ ስጦታዎች፣ አንዱ ከታሪክ፣ ሌላው ከቴአትር፣ ነገሩን ያብራሩልናል።

በ1855 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ጥንድ ሽጉጥ ለአፄ ቴዎድሮስ አቀረበ። ስጦታው ለቀድሞው ቆንስል ለፕላውደን ለተደረገው ደግነት ምስጋና የሚገልጽ ጽሑፍ የተቀረጸበት ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የዚያችው ንግሥት ጦር የመቅደላን አምባ ሰብሮ ሲገባ፣ ንጉሠ ነገሥቱ እጅ ከመስጠት ይልቅ በዚያው የስጦታ ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። ለዚህ ፍጻሜ ብሎ የመረጠው ማንም አልነበረም። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1890 በታተመው በሄንሪክ ኢብሰን ተውኔት ውስጥ፣ ሄዳ ጋብለር ከጄኔራል አባቷ ከወረሰችው ጥንድ ሽጉጥ አንዱን ተስፋ ለቆረጠው ለሎቭቦርግ ትሰጠዋለች። በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ እያየች፣ ምን እንደሚያደርግበትም እያወቀች ትሰጠዋለች። በተውኔቱ መጨረሻ ሁለተኛው ሽጉጥ ለራሷ ይሆናል።

ሁለቱን ሰጪዎች በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው ያለ አይመስለኝም። የሚለያያቸው ግን የሽጉጡ ዓይነት አይደለም፤ ሰጪው ስለ ተቀባዩ የሚያውቀው ነው። ከዚህ የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው፤ የመራጭ ተጠያቂነት የሚለካው በሆነው ነገር ሁሉ ሳይሆን፣ ሊያውቀው ይችል በነበረው ነገር ነው። «አላውቅም ነበር» የሚለው መከላከያ የሚሠራው ለማወቅ ለጠየቀ ሰው ብቻ ነው። ሳይጠይቅ የመረጠ ሰው አለማወቁን ራሱ መርጦታል።

መጠየቅ የሚገባውም ግልጽ ነው። የእኅቴ ልጅ በሚኖርበት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 በጦር መሣሪያ ከሞቱት 46,728 ሰዎች መካከል 27,300 ያህሉ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ከውጭ የሚመጣን ጠላት ያስባል፤ በቤቱ ውስጥ ያለው ሐዘን ግን ከዚያ ጠላት ይልቅ ለመሣሪያው ይቀርባል። ሐዘን ያልፋል፤ ሐዘን በከበደበት ሌሊት እጅ አጠገብ የተገኘ መሣሪያ ግን ለማለፍ ጊዜ አይሰጠውም።

ስለዚህ በዚያ ቀን በስልክ ስለ ሽጉጡ ከመናገሬ በፊት ሦስት ነገር ጠየቅሁት። «ማንን ነው የፈራኸው?» አልሁት። ሌሊት አንድ ተሳፋሪ እንዳስፈራራው ነገረኝ። «ቤት ውስጥ ማን አለ፤ የትስ ታስቀምጠዋለህ?» አልሁት። ሚስቱ ከተለየችው ሰባት ወር እንደሆነና ብቻውን እንደሚኖር፣ መሣሪያውንም ከትራሱ ሥር ለማድረግ እንዳሰበ ገለጸልኝ። ሦስተኛው ጥያቄ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» የሚል ነበር። ዝም አለ። ያ ዝምታ፣ የማስተማሪያው ጥይት ተራ ሲደርስ እንደሚሰማው ጸጥታ ነበር።

በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ እኔ የጠየቅሁዎ ስለ ሽጉጡ ነው እንጂ ስለ እኔ አይደለም» አለኝ።

«እኔ የምመርጠው ላንተ ነው» አልሁት። «አሁን አትግዛ። እስኪነጋ ድረስ እንነጋገር።»

እስኪነጋም ተነጋገርን። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እንነጋገራለን። ሐኪም ዘንድ ሄዷል፤ የሌሊቱን ሥራ ወደ ቀን ለውጧል። እስካሁን ሽጉጥ አልገዛም። ነገ ሊገዛ ይችላል፤ መብቱ ነው፤ ከልካዩም እኔ አይደለሁም። ያ ቀን ከመጣ፣ በአሠልጣኝ እጅ በሃያ ሁለት እንዲጀምር፣ ሁልጊዜ መሣሪያውን እንደ ጎረሰ እንዲቆጥረው፣ አፈሙዙን ሊያጠፋው ወደማይፈልገው ነገር እንዳያዞር፣ ዒላማውን እስኪለይ ጣቱን ከምላጩ እንዲያርቅ፣ ከዒላማው በስተጀርባ ያለውንም እንዲመለከት፣ ሥራውን ሲጨርስም ከትራስ ሥር ሳይሆን በተቆለፈ ሣጥን እንዲያኖረው እነግረዋለሁ።

ይህን ሁሉ የምነግረው ግን እንደዚያ ሌሊት ስለ እንቅልፉ ከጠየቅሁት በኋላ ነው።